የወንበዴ ሳንቲም ስንት ያወጣል?



ይህች በእጄ የያዝኳት ሳንቲም የመዳብ ናት፤ ክብደቷ ሦስት ግራም ቢሆን ነው። በአንድ በኩል የአንድ የኔዘርላንድ አውራጃ ጋሻ አለባት። በሌላ በኩል ሦስት የላቲን ፊደላት ተጣምረዋል፤ ትልቅ ቪ፣ በግራ ክንዱ ኦ፣ በቀኝ ክንዱ ሲ ተሰክተውበት። የኔዘርላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ምልክት ነው። ከሥሩ ዓመቱ ተጽፏል፤ 1790 ይላል። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእስልምናውን ስጠቅስ እናገራለሁ።) የሳንቲሟ ስም ዱይት ነው፤ የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ጨው የተገዛባት ተራ ዝርዝር ገንዘብ ናት።

ዱይት በገፍ ስለተቀረጸች ብቻዋን ብዙ አታወጣም። አንዱ ብልጥ ነጋዴ ግን ካርቶን ላይ ይለጥፋትና የራስ ቅልና ሁለት የተጣመሩ አጥንቶች ይስልባታል፤ ከላይ «የባሕር ወንበዴዎች ሳንቲም» ብሎ ይጽፋል። ዋጋዋ ያን ጊዜ ስንት እጥፍ እንደሚሆን አትጠይቁኝ። እኔ ዛሬ ስለ ሳንቲሙም፣ ስለ ካርቶኑም ነው የምናገረው፤ ምናልባት ስለ ካርቶኑ ይበልጥ።

ዱይት ካርቶን ሲለጠፍላት የመጀመሪያዋ አይደለም። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ «የኒውዮርክ ፔኒ» ተብላ ተሽጣለች። ኒውዮርክ ገና የደች (የኔዘርላንድ ሰዎች) ከተማ ሳለች ሕዝቡ ይገበያይባት ነበር ነው ወሬው። ሁለት ነገር ማየት ብቻ ይበቃል። እንግሊዞች ከተማዋን የወሰዱት በ1664 ነው፤ ይህ ምልክት ያለባት ዱይት መቀረጽ የጀመረችው ደግሞ በ1726። በዚያ ላይ በአሜሪካ የነበረውን የደች ግዛት ያስተዳድር የነበረው የምዕራብ ሕንድ ኩባንያ እንጂ የምሥራቁ አልነበረም። ገዢው ዓመቱን በገዛ እጁ ይዞ፣ በገዛ ዓይኑ እያነበበው፣ ተረቱን ገዛ። ሰው ታሪክ ሲወድ ቁጥር አያይም።

የሚያሳዝነኝ መታለሉ አይደለም። የሳንቲሟ እውነተኛ ታሪክ ከውሸቱ ይበልጥ የወንበዴ ታሪክ መሆኑ ነው። በአገሯ በኔዘርላንድ ስምንት ዱይት አንድ ስቱይቨር ነበር። በጃቫ ግን አራቱ አንድ ስቱይቨር ያወጡ ነበር። እንግዲህ የኩባንያው መርከበኛ አምስተርዳም ላይ አንድ ከረጢት መዳብ ደብቆ ቢሳፈር፣ ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ሲወርድ ገንዘቡ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ተራው መርከበኛም አለቃውም በዚህ ኮንትሮባንድ ተዘፈቁ። ኩባንያው የራሱን ምልክት ሳንቲሙ ላይ ያስቀረጸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምልክት ያለበት ብቻ በምሥራቅ እንዲያልፍ፣ የአገር ቤቱ ዱይት እንዳያልፍ። ስለዚህ ይህች ዱይት በወንበዴ የተዘረፈች ሳትሆን ኩባንያው የገዛ ሠራተኞቹን እጅ ለመያዝ የሠራት ናት። ካርቶኑ ላይ ግን ይህ አይጻፍም።

ወደ ሱማትራ ደሴት እንሻገር። ሙሲ የሚባል ወንዝ አለ፤ በዳሩ የፓሌምባንግ ከተማ ተቀምጣለች። የጥንቱ የስሪቪጃያ መንግሥት መናገሻ እንደነበረች ይታመናል። ዛሬ በወንዙ ውስጥ ጠላቂዎች ጭቃ እየበረበሩ ሳንቲም ያወጣሉ። መሐሉ ቀዳዳ የሆነ የቻይና የመዳብ ሳንቲም አለ፤ ከቆርቆሮና ከእርሳስ የተሠራ ፒቲስ የሚባል ስስ የአገሬው ገንዘብም አለ። ቆርቆሮ ስል የጣራችንን አይደለም፤ እሱ ብረት ነው። ፒቲስ የሚሠራበት ማዕድን ከጎረቤት ደሴት ከባንግካ የሚወጣ ነጭ፣ ለስላሳ ብረታ ብረት ነው። የፓሌምባንግ ሱልጣኖች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባንግካን ይዘው ከዚህ ማዕድን ከበሩ፤ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈባቸውን ፒቲሶችም አሠሩ።

ለሰብሳቢ ፒቲስ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ጽሑፉን መለየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አያያዙም እንዲሁ። ንጹሕ ቆርቆሮ ከ13 ዲግሪ ሴልሽየስ በታች ብዙ ሲቆይ ወደ ግራጫ ዱቄት ሊለወጥ ይችላል። ፒቲስ አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ ስላለበት ይህ ዕጣ እምብዛም አይደርስበትም፤ ቢሆንም የአዲስ አበባን የክረምት ሌሊት የምታውቁ ሰዎች ሳጥኑን ከቀዝቃዛ ግድግዳ ብታርቁት ምን ቸገራችሁ።

የፓሌምባንግ ሳንቲም በየሱቁ «የወንበዴ» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቻይናው የሚንግ መንግሥት የግል ነጋዴ ባሕር እንዳይወጣ ከለከለ። ክልከላው ነጋዴውን አላጠፋውም፤ ከሕግ ውጭ አደረገው እንጂ። ከደቡብ ቻይና የሸሹ ብዙዎች ፓሌምባንግ ሰፈሩ፤ ከመካከላቸውም ቼን ዙዪ የሚባል ሰው ጎልቶ ወጥቶ በማላካ ሰርጥ የሚያልፉትን መርከቦች ያስጨንቅ ነበር። በ1407 ታላቁ የቻይና የባሕር አዛዥ ዠንግ ሄ ከመጀመሪያ ጉዞው ሲመለስ ገጠመው። የሚንግ መዝገብ ከአምስት ሺህ በላይ ሰው እንደተገደለ፣ አሥር መርከብ እንደተቃጠለና ሰባት እንደተማረከ ይናገራል። ቼን ዙዪ ታስሮ ናንጂንግ ተወሰደና ተገደለ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ዠንግ ሄን ስለ ቼን ዙዪ ያስጠነቀቀው ሺ ጂንቺንግ የሚባል ሌላ ቻይናዊ ነበር፤ እሱም ፓሌምባንግ የሰፈረ፣ እሱም የንጉሠ ነገሥቱን የባሕር ክልከላ ጥሶ የተቀመጠ። ከውጊያው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለሺ ጂንቺንግ ማዕረግ ሰጠውና የፓሌምባንግ አስተዳዳሪ አደረገው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ አንዱ በመዝገብ ወንበዴ ተብሎ አንገቱን አጣ፣ ሌላው ሹም ሆነ። ከወንዙ የወጣው ሳንቲም የትኛው ከረጢት ውስጥ እንደነበረ ማን ይነግረናል? እኔ እዚያ ባሕር ላይ ማን ወንበዴ እንደነበረ በጠየቅሁ ቁጥር፣ መልሱ ብዙ ጊዜ መዝገቡን ከያዘው ሰው ጋር ነው የሚሄደው።

አሁን ብር ላይ እንምጣ፤ የወንበዴ ወሬ ያለ ብር አይጥምምና።

ከ1565 እስከ 1815 የስፔን ትልልቅ መርከቦች ከሜክሲኮዋ አካፑልኮ ወደ ፊሊፒንሷ ማኒላ የአሜሪካን ብር ያግዙ ነበር። ያ ብር ማኒላ ላይ አይቆይም፤ ለሐርና ለሸክላ ዕቃ ዋጋ ሆኖ ወደ ቻይና ይፈሳል። ስምንት ሬያል የሚባለው የስፔን ብር ሃያ ሰባት ግራም ያህል ይመዝናል፤ በማላካ ሰርጥም፣ በሲንጋፖርም፣ በሱሉ ደሴቶችም ሰዎች ሒሳብ የሚሠሩበት እሱ ነበር። የዚያ ባሕር ዘራፊ ሳንቲም ይዞ ከነበረ ይህን የመያዙ ዕድል ከሁሉ ይበልጣል።

ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ጠገራ ብርን እንዴት እንደሚቀበሉ የሰማ ያውቀዋል፤ የእቴጌ ማርያ ትሬዛ ፊትና የጌጧ እንቁ በትክክል ካልታየ አይቀበሉም ነበር። እቴጌይቱ በ1780 ሞታለች፤ ሳንቲሙ ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ያንኑ 1780 እያሳየ ይቀረጽ ነበር፤ ሕዝቡ ያመነው ያንን ስለሆነ። በምሥራቅ እስያም የስፔኑን ንጉሥ የካርሎስን ፊት የለመደ ነጋዴ፣ ሜክሲኮ ነጻ ወጥታ ንስር ያለበት አዲስ ብር ስታወጣ በቀላሉ አልተቀበላትም። ቻይናውያን ነጋዴዎችና መንዛሪዎች ደግሞ ብሩ በእጃቸው ባለፈ ቁጥር ትንሽ ማኅተም ይመቱበታል፤ «መርምሬዋለሁ፣ ደህና ናት» እንደማለት። አንዳንዷ ብር በማኅተም ብዛት የንጉሡ አፍንጫ እንኳ አይታይባትም። ድሮ ሰብሳቢዎች ይህን እንደ ጉዳት ቆጥረው ይጥሉት ነበር፤ ዛሬ ማኅተሙን ብቻ የሚያሳድዱ ሰዎች አሉ። እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። ንጹሕ ብር ያንን የመሰለ የእጅ ፈለግ አያሳየኝም።

የሐሰተኛ ብር ነገር ግን ከባድ ነው። ሐሰተኛ ስምንት ሬያል በዚያን ዘመንም ነበር፣ ዛሬ ደግሞ በፋብሪካ ይሠራል። በመጀመሪያ ሚዛን ይቅረብ፤ ከሃያ ሰባት ግራም ብዙ የራቀውን አትመኑት። ማግኔት ይቅረብ፤ ብር ማግኔት አይስበውም፤ ማግኔት ያልሳበው ሁሉ ግን ብር ነው ማለት አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ጠርዙን ማየት ነው። ከ1772 በኋላ የንጉሥ ፊት ያለባቸው ብሮች ጠርዛቸው ላይ ክብና አራት ማዕዘን እየተፈራረቁ ይዞራሉ። ያንን ጌጥ የሚያትመው መሣሪያ ሁለት ዘንግ ስለነበረው፣ በሁለት ተቃራኒ ቦታ ጌጡ ተደራርቦ ወይም ተዛንፎ ይታያል። ሐሰተኛ ሠሪው ብዙ ጊዜ ንጉሡን አሳምሮ ይሠራል፣ ጠርዙን ይረሳል።

ከዚህ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሐሰተኛ ሳይሆን እውነተኛ ብር ነው፤ ከነውሸት ታሪኩ። ብሩ እውነተኛ ሆኖ «ከወንበዴ መርከብ የወጣ» የሚለው ወረቀት ማስረጃ የሌለው ሊሆን ይችላል። ሳንቲም አይናገርም፤ በማን እጅ እንዳለፈ የሚናገርለት ከየት፣ መቼ፣ በማን እንደወጣ የተጻፈ መዝገብ ነው። ያ ከሌለ ብሩ ብር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

እንግዲህ ወደ እውነተኛዎቹ ወራሪዎች እንግባ፤ እዚህ ላይ ሳንቲሙን ለጊዜው ኪሴ ከትቼው ልናገር።

በዛሬዋ ደቡብ ፊሊፒንስ በሱሉ ደሴቶች አንድ ሱልጣኔት ነበር። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ኢራኑንና ባላንጊንጊ የሚባሉ የባሕር ሰዎች ከዚያ አካባቢ እየተነሡ በረጃጅም ባለመቅዘፊያ ጀልባዎች ከፊሊፒንስ እስከ ማላካ ሰርጥ ይወርሩ ነበር። በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት ነፋሱ ያመጣቸዋል፤ አውሮፓውያን መርከበኞች ነፋሱን ራሱን «የወንበዴ ነፋስ» ብለውት ነበር። በፊሊፒንስ ጠረፍ ዛሬም የሚታዩ የድንጋይ መጠበቂያ ማማዎች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው።

ታዲያ ምን ነበር የሚዘርፉት? ሣጥን ሙሉ ወርቅ? አይደለም። ሰው ነበር። ዓሣ ሊያጠምድ የወጣውን፣ ከባሕር ዳር መንደር ያገኙትን ወንድና ሴት። የታሪክ ሊቁ ጄምስ ዋረን ከ1770 እስከ 1870 ባለው መቶ ዓመት ከሁለት መቶ ሺህ እስከ ሦስት መቶ ሺህ ሰው በዚህ መንገድ ወደ ሱሉ እንደተጋዘ ይገምታል። ምርኮኞቹ ጀልባ ይቀዝፋሉ፣ ዕንቁ ለማውጣት ይጠልቃሉ፣ ከዋሻ የወፍ ጎጆ ይለቅማሉ፣ ትሬፓንግ የሚባለውን ለስላሳ የባሕር እንስሳ ከባሕር ወለል አውጥተው ያደርቃሉ።

ለምን? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ትሬፓንግና የወፍ ጎጆ የቻይና ሀብታሞች ማዕድ ናቸው። እንግሊዞች ደግሞ ከቻይናዋ ካንቶን ሻይ መግዛት ፈልገው ቻይናውያን የሚፈልጉት ሸቀጥ በእጃቸው አልነበረም፤ ስለዚህ ወደ ሱሉ መጡ። ጠመንጃ፣ ባሩድ፣ ጨርቅና ኦፒየም አምጥተው ትሬፓንግና ጎጆ ወሰዱ። ሱሉ ይህን ለማምረት የሰው ጉልበት አጣ፤ ጉልበቱን ለማግኘት ጠመንጃውን ይዞ ባሕር ወጣ። ለንደን ውስጥ አንዲት እመቤት ከሰዓት በኋላ ሻይ ስትቀዳ፣ ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ አንድ ዓሣ አጥማጅ በገመድ ታስሮ ይነዳል። ሁለቱም አይተዋወቁም።

በ1848 በፊሊፒንስ የስፔኑ ገዢ ናርሲሶ ክላቬሪያ ከእንግሊዝ የተገዙ ሦስት የእንፋሎት የጦር መርከቦች ይዞ የባላንጊንጊን ምሽጎች ደመሰሰ። በነፋስና በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ እንፋሎትን አያመልጥም። ከተማረኩት ብዙዎቹን ወደ ሰሜን፣ ወደ ካጋያን ሸለቆ አጋዛቸው፤ የትምባሆ እርሻ ወዳለበት። ሰው አጋዡ በተራው ተጋዘ።

ስለዚህ «የሱሉ ወንበዴዎች ሳንቲም» የሚል ካርቶን ስታዩ፣ በእውነት ያ ዝርፊያ የሚለካው በሳንቲም እንዳልነበር አስቡ።

ሲንጋፖር ደግሞ ሌላ ዓይነት ታሪክ አላት። እንግሊዞች በ1819 ሲገቡ አካባቢውን በጆሆር ሱልጣኔት ስም የሚያስተዳድር ተመንጎንግ የሚባል ሹም ነበር፤ ተከታዮቹ ባሕር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ልጁ ኢብራሂም በ1830ዎቹ የሲንጋፖር ነጋዴዎች ጣት ይቀሰርበት ነበር፤ ወንበዴዎችን ያስጠጋል፣ ድርሻ ይወስዳል እያሉ። ከዚያ ምን ሆነ? በ1846 የእንግሊዙ ገዢ በተርወርዝ ይህንኑ ኢብራሂምን የክብር ሰይፍ ሸለመው፤ ወንበዴነትን ለማጥፋት ስለረዳ! በዚያው ሰሞን ኢብራሂም ጉታ ፐርቻ በሚባል የዛፍ ሙጫ ንግድ እየከበረ ነበር፤ በኋላ የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ሽቦ የተለበጠበት ሙጫ ነው። ሰውየው ተለውጦ ይሆን? ወይስ ጥቅሙ ከመንግሥት ጋር ስለገጠመ ስሙ ተለወጠ? እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ፤ እናንተ የፈለጋችሁትን ያዙ።

ከዚያ ዘመን የቀረ፣ በቀላሉ የሚገኝ ሳንቲም አለ፤ አውራ ዶሮ ያለበት። በማላይኛ «የማላይ ምድር» ይላል፤ በጀርባው «አንድ ኬፒንግ» የሚል ጽሑፍና 1247 የሚል የሂጅራ ዓመት አለበት፤ ወደ 1831 ገደማ ማለት ነው። የትኛውም ሱልጣን አላስቀረጸውም። የሲንጋፖር ነጋዴዎች የመዳብ ዝርዝር ሲቸግራቸው በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም አሠርተው በየደሴቱ የረጩት ነው፤ ከተጻፈበት ዋጋ በታች በሚያወጣ መዳብ ስለተሠራ ትርፉ የነጋዴው ነበር። ዓመቱም ልክ እንደ ጠገራችን ቆሞ ቀርቷል፤ 1247 ያለበት ሁሉ በዚያ ዓመት የተሠራ አይደለም። ወንበዴ የሚለውን ስም በየጋዜጣው የሚያወጡት እነዚሁ ነጋዴዎች፣ ሱልጣን የሌለው የሱልጣን መሳይ ገንዘብ ያሠሩ ነበር። ይህን ሳንቲም ስለምወደው ነው የምቀልድበት።

ስለ አያያዝ ሁለት ቃል ልበል። በሎሚና በአመድ አትፈትጉት። የተወለወለ ሳንቲም ለሰብሳቢ የሞተ ሳንቲም ነው። በተራ ላስቲክ ከረጢት አትዝጉበት፤ አንዳንዱ ላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። ሕጉንም እወቁ፤ በ2001 የወጣው የዩኔስኮ ስምምነት ከመቶ ዓመት በላይ ከውኃ በታች የቆየ ቅርስ ለንግድ እንዳይበዘበዝ ይደነግጋል። ይህ የመጣው በምክንያት ነው። በ1752 የሰጠመችውን የደች መርከብ ጌልደርማልሰንን በ1985 ያገኛት ጠላቂ ሸክላውንና የወርቅ ጡቡን አውጥቶ በማግስቱ ዓመት አምስተርዳም ላይ በጨረታ ሸጠ፤ መርከቧ ራሷ እንዴት እንደተሠራች፣ እንዴት እንደሰጠመች የሚያስረዳው ነገር ግን በአግባቡ ሳይመዘገብ ቀረ።

አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ ከወንበዴነት በርግጥ የተገኘ፣ በመዝገብ የተረጋገጠ ገንዘብ አለ ወይ? አለ። ብዙም ነው።

ጄምስ ብሩክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1839 ቦርኒዮ ደረሰ፤ በ1841 በዚያው የሳራዋክ ግዛት ራጃ (ገዢ) ሆነ። ከግዛቱ ጎረቤቶች ከሳሪባስና ከስክራንግ ሰዎች ጋር ይዋጋ ነበር፤ ወንበዴዎች ናቸው አለ። በ1849 ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ቤቲንግ ማሩ በሚባል ቦታ የእሱ ጀልባዎችና የእንግሊዝ መርከቦች አድፍጠው ከወረራ የሚመለሱትን ከበቡ፤ ኔመሲስ የምትባለው የብረት የእንፋሎት መርከብም ነበረች። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በእንግሊዝ በ1825 የወጣ ሕግ ነበር፤ የባሕር ኃይል ለገደለው ወይም ለማረከው ለእያንዳንዱ ወንበዴ 20 ፓውንድ፣ አብሮ ለነበረው ለሌላው ሰው ሁሉ 5 ፓውንድ ይከፍላል። ሒሳቡ ቀረበ፤ 500 ሰው በ20፣ 2,140 ሰው በ5። ድምሩ 20,700 ፓውንድ ተፈረደ።

በጨለማ ወንዝ አፍ ላይ ወንበዴውን ከቀዛፊው ማን ለየው? በለንደን ፓርላማ ይህንኑ የጠየቁ ነበሩ። ሕጉ በ1850 ተሻረ፤ በ1854 የብሩክ ጉዳይ ሲንጋፖር ላይ በኮሚሽን ተመረመረ። ብሩክ በሥልጣኑ ቀጠለ፤ በ1863ም የገዛ ፊቱ ያለበትን የመዳብ ሳንቲም አስቀረጸ፤ እንደ አውራ ዶሮው በርሚንግሃም ውስጥ ነው የተሠራው። አንድ ሳንቲም፣ ግማሽና ሩብ አለው። መካከለኛ ደረጃ ያለው ዋጋው እምብዛም አይወደድም። 1841 የሚል ዓመት ያለበት ሌላ የብሩክ ኬፒንግ አለ፤ እሱ ብርቅ ስለሆነ ሐሰተኛውም ብዙ ነውና ያለ አዋቂ አትንኩት። የ1863ቱን ግን ፀጉሩ ሳይሟሽሽ፣ «ራጃ» የሚለው ጽሑፍ ጥርት ብሎ ካገኛችሁት ግዙ። አጠገቡ በምትጽፉት ካርድ ላይ የራስ ቅል አትሳሉበት፤ 20,700 ብላችሁ ጻፉበት።